የገባኝ ልጅ

ጠጋኙን «ገባኝ» ብሎ የጠራው ሰፈሩ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከእግዚአብሔርና ከሚስቱ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስልም። ሱቁ በፀጉር ቤቱና በጫማ ሰፊው መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚያወራው። መደርደሪያው ላይ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች፣ አንገታቸው የተሰበረ ማራገቢያዎች፣ ገመዳቸው የተጠቀለለ ካውያዎች ተደርድረዋል። የቀለጠ ቆርቆሮ ሽታ ከልብሱ አልፎ ቆዳው ውስጥ ስለገባ ሚስቱ «አንተን ዓይኔን ጨፍኜም አላጣህም» ትለዋለች።

የሥራው ልማድ እንዲህ ነው። ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ይገባና ችግሩን ሊያስረዳ አፉን ይከፍታል። «ይሄ ሬዲዮ እኮ ልጆቹ ሲጫወቱበት...» ሲል «ገባኝ» ይላል ጠጋኙ፤ ካቻቢቴው እጁ ላይ ነው። ይፈታል፣ ይነካካል፣ ብልሽቱን ያገኛል። ብዙውን ጊዜ አይሳሳትም፤ ክፉው ነገርም ይኸው ነው። የሚሳሳት ሰው ይማራል። ተሳስቶ የማያውቀውን ግን ማን ይመልሰዋል?

«አንተ ቄስ ብትሆን ኖሮ» ይለዋል ጫማ ሰፊው ክሩን በሰም እየሳበ፣ «ሰው ኃጢአቱን ሳይጨርስ ትፈታው ነበር።»

«ጊዜ ይቆጥባል።»

«ጊዜውስ ይቆጠብ። ያልተነገረችው ኃጢአት ከማን ጋር ትቀራለች?»

ጠጋኙ ይስቃል። ጫማ ሰፊው ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው ስለሆነ ቀስ ብሎ ያስባል ብሎ ነው የሚያምነው።

ልጅ ያለችው አንዲት ናት። ገና ፊደል ስትቆጥር ጀምሮ ከእራት በፊት አንድ ጨዋታ ነበራቸው። አባት ጥያቄ ይጀምራል፤ ልጅ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ካመጣች ያጨበጭብላታል። ጠብቃ ከመለሰች «ልክ ነሽ» ይላታል እንጂ አያጨበጭብም። ልጅ ደግሞ ጭብጨባ ትወዳለች። እያደገች ስትሄድ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጽፎ ሳይዞር እጇ አየር ላይ ነበር። ሰፈሩም አላለፋትም፤ «ትንሿ ገባኝ» አላት። አባትየው ይሄን የሰማ ዕለት ደረቱ ተነፋ።

እናቷ በሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ዝምተኛ ሴት ናት፤ አንሶላ ስታጥፍ ከንፈሯ የሚንቀሳቀሰው ለሰው ሳይሆን ለፈጣሪዋ ነው። ልጅቷ ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት ወጥታ የእናቷ ሥራ እስኪያልቅ ሴቶች የተኙበት ክፍል ውስጥ ትጠብቅ ነበር። የአንዷን ታማሚ አልጋ ተደግፋ፣ እግሯን እያወዛወዘች፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ታዳምጣለች። አሮጊቶቹ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ቀበሯቸው ሰዎች፣ ስለ ሕልማቸው ያወሯት ነበር። «ይቺ ልጅሽ መድኃኒት ናት» ብላ አንዷ ለእናቷ ነግራታለች። ሐኪም እሆናለሁ የሚለው ሐሳብ የገባባት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ተመኝታ አታውቅም።

ሐኪሞችን የሚያስተምረው ኮሌጅ በአካባቢው አንድ ነው። ከሚያመለክቱት ጥቂቱን ብቻ ይወስዳል። ያውም ደንቡ የከረረ ነው፤ የሚቀበለው በዚያው ዓመት ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ተማሪ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የወደቀ፣ ወደቀ።

ልጅቷ አስረኛ ክፍልን ስትጨርስ ርዕሰ መምህሩ አባቷን አስጠራው። ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን ሳይጠርግ ንግግር የማይጀምር፣ ጠርጎም ቶሎ የማይጨርስ ሰው ነው።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት» አለ። «እንደ እሷ ላለ ተማሪ አስራ አንደኛን ዘሎ አስራ ሁለተኛ መግባት ይፈቀዳል። ወላጅ ከፈቀደ ማለቴ ነው። በዓመት ቀድማ ትጨርሳለች።»

«እፈቅዳለሁ» አለ ጠጋኙ።

«ቆይ ጌታዬ። ጥቅም አለው፣ ጉዳትም አለው። ኮሌጁ ዕድል የሚሰጠው አንዴ መሆኑን ያውቃሉ። ሌላው ደግሞ ለጤና የሚያመለክቱት ልጆች አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ከሰዓት በኋላ ወደ...»

«ገባኝ። ያመለጣትን ቤት ቁጭ ብላ ታጠናዋለች። መብራት አለ፣ ጠረጴዛ አለ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለች?»

ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን እንደገና አወለቀ፤ አንድ ነገር ሊጨምር ፈልጎ ነበር። ግን ጠጋኙ ቆሞ እጁን ዘርግቶለታል። የተዘረጋ እጅ ደግሞ አይመለስም፤ ጨበጠው።

ማታ እናትየው ሰማች። ወዲያው አልተናገረችም። ሳህኖቹን አነሳች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ ከዚያ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» አለች።

«ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል በይኛ። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ሌላው በመኪና ይደርሳል።»

«እሺ፣ እሷን ጠይቀሃታል?»

«ምኑን እጠይቃታለሁ? ፊቷን አላየሽውም?»

«ፊቷን አይቻለሁ። እኔ ያልኩህ ጠይቀሃታል ወይ ነው።»

ጠጋኙ ተነስቶ ሬዲዮ ከፈተ። እናትየውም አልደገመችም፤ በዚያ ቤት ነገር ሁለት ጊዜ የመድገም ልማድ የላትም።

ልጅቷ ራሷ የመጣችው ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ነው። ጠጋኙ አንድ ማራገቢያ ፈትቶ ብሎኖቹን በጥርሱ ይዟል። ልጅቷ መደርደሪያው ሥር ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የአንድ ካውያ ገመድ ይዛ መጠቅለል ጀመረች፤ ጠቅልላ ፈታችው፣ መልሳ ጠቀለለችው።

«አባዬ።»

«እም።»

«እኔ እኮ...»

ብሎኖቹን ከአፉ አወጣ። «ገባኝ እናቴ። ፈርተሽ ነው። ሰው ሁሉ ይፈራል። ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ ይለቅሻል። አንቺን የሚቀድም እንደሌለ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ልጅቷ ገመዱን አየች። ልትቀጥል እንደሆነ ከንፈሯ ትንሽ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ «እሺ» አለች፤ ገመዱን ቦታው ላይ ሰቅላ ወጣች። ጠጋኙ ብሎኖቹን አንድ በአንድ እየመለሰ አፏጨ። ልጁን ያበረታታ መስሎታል።

ዓመቱ አልፎ ፈተናው ደረሰ። ልጅቷ ተቀመጠች፣ ከሁሉም ቀድማ ወረቀቷን ሰጥታ ወጣች፣ ውጤቱም ያማረ መጣ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ምላጭ በእጁ የያዘው ፀጉር አስተካካይ ሳይቀር ጉንጩን አረፋ የለበሰ ደንበኛውን ትቶ ወጥቶ ጠጋኙን አቀፈው። ኮሌጁ የጽሑፍ ፈተናውን ካለፉት መካከል ለቃል ፈተና ጠራት። ከዚያ በኋላ የሚቀር ነገር የለም፤ ወይ መግባት ነው ወይ መቅረት።

የቃል ፈተናው ዕለት ጠጋኙ ሱቁን ዘግቶ አብሯት ሄደ። እናትየው ከሥራ መቅረት ስላልቻለች በር ላይ ቆማ የልጇን አንገትጌ አስተካከለች። «ቀስ ብለሽ ልጄ። እግዜር አይቸኩልም» አለቻት።

የኮሌጁ መተላለፊያ ረጅምና ቀዝቃዛ ነው። ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈዋል፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ሁሉም የሸመደደውን ይደግማል። የሷ ተራ ደረሰ፤ ገባች። ጠጋኙ መስኮት ዳር ቆሞ ጫማውን እያየ ጸሎት ጀመረ። ጸሎቱን ሳያጋምስ በሩ ተከፈተ።

«ጨረስኩ» አለች።

«ጨረስሽ? ከሷ በፊት የገባው ስንት ቆየ፣ እሷ ግን...» ብሎ አጠገቡ ወዳለው የሌላ ልጅ አባት ዞረ፤ ሳቁ ጆሮው ጋ ደረሰ። «አውቀሽዋል አይደል?»

«አውቄዋለሁ። ቀላል ነበር።»

ልጅቷም ፈገግ ብላ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብላ የተዘጋውን በር አየች፤ ከዚያ ተፈታኞቹ ፎቶ ወደሚነሱበት ሕንፃ ሄደች። አባቷ ግቢው ውስጥ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። የመጨረሻው ልጅ ተፈትኖ ሲወጣ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ከዚያው ክፍል ወጥተው እያዘገሙ መጡና አጠገቡ ተቀመጡ።

«ልጅ ይዘህ መጥተህ ነው?»

«አዎ አባቴ። እርስዎስ?»

«እኔ በሽተኛ ነኝ» አሉና ሳቁ። «የሐሰት በሽተኛ። ድሮ የዚህ ግቢ ዘበኛ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለዚህ ፈተና ይጠሩኛል። ልጆቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ እኔ ጉልበቴን አመመኝ እላለሁ፤ ሐኪሞቹ ጥግ ተቀምጠው ያያሉ።»

«ገባኝ። በሽታውን ያገኘ ያልፋል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልገባህም ጌታው። ጉልበቱ ማታለያ ነው። ሐኪሞቹ ያሉኝ፣ ‹ጉልበትህን ተናገርና ዝም በል። ዝም ብሎ የጠበቀህን ልጅ ብቻ ሌላውን ንገረው› ነው። ዛሬ አልቋልና ብነግርህ ምንም አይደል።»

«ሌላው ምንድነው?» አለ ጠጋኙ።

«ሌላውማ፣ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ምግብ አልቀምስ ብያለሁ። መድኃኒቴንም ትቻለሁ። ጉልበቴን የመታኝ አቅም አጥቼ ወድቄ ነው፤ ደግሞ ብወድቅ ባልነሳ አይከፋኝም። ይሄን ነው የምናገረው።» ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙት። «ግማሹ ሐሰት አይደለም። የመረጡኝም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።»

ግቢው ውስጥ አንድ ሰው ቅጠል ይጠርጋል።

«ብዙዎቹ ጠበቁኝ» አሉ ሽማግሌው። «ታዘው እንደተለማመዱ ያስታውቃል፤ ቢሆንም ጠበቁኝ። አንዲት ልጅ ግን ገባች፣ እንደ ጥይት የፈጠነች። ‹ጉልበቴን...› ከማለቴ ‹ገባኝ አባባ› አለችኝ። ስለ ጉልበት ያልነገረችኝ የለም። ልክ ሳትሆን አትቀርም፤ እኔም ቤቴ ስገባ እንዳለችኝ አደርጋለሁ። ግን ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት። ሐኪሞቹ እርስ በርስ ተያዩ። አሳዘነችኝ። ምን ዓይነት ጎበዝ ልጅ መሰለችህ። እንዲህ ያስቸኮላት ማን እንደሆነ እንጃ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰው የሚታማበትን የሚሰማው ከሁሉም በኋላ ነው። ጠጋኙ ግን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከማያውቀው ሰው አፍ፣ ሐሜት ባልሆነ ቃል ሰማው። ሽማግሌው ተሰናብተውት ሲሄዱ እንኳ ከመቀመጫው አልተነሳላቸውም። ልጁ ከፎቶው ተመልሳ «እንሂድ» ስትለው፣ አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ «አባዬ፣ ነጩ ልብስ ጠባብ ሲሆን ነው ወይስ ሰፋ ሲል የሚያምረው?» ስትለው ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። ቤት ሲደርሱ ሰፈሩ «እንዴት ነበር?» አለ። «ቀድማ ወጣች» አለ ጠጋኙ።

ውጤቱ እስኪመጣ ያሉት ቀኖች ለሱ ረጃጅም ነበሩ። ልጅቷ ትዘፍናለች፤ ልብሶቿን ትለያለች፤ ለእናቷ ከተማሪዎች ማደሪያ ስንቴ እየመጣች እንደምትጠይቃት ትነግራታለች። አባትየው ይሄን ሁሉ ሰምቶ ሬዲዮ ይፈታል፤ የፈታውን መግጠም ይረሳል። ልንገራት ይላል፤ ምን ብዬ ይላል። ደግሞ ሐኪሞቹ ይምሯት ይሆናል፣ ሽማግሌውም ተሳስተው ይሆናል ይላል። እንደዚያ ሰሞን ጸልዮ አያውቅም። ጸሎቱ ግን ያው የልማዱ ጸሎት ነበር፤ ለፈጣሪ የሚፈልገውን ነግሮ ይነሳል እንጂ ቆይቶ አያዳምጥም።

ውጤቱ በስልኳ መጣ። አልተቀበሏትም።

አላለቀሰችም። ቢያንስ ሰው ፊት አላለቀሰችም። «መልሴ እኮ ልክ ነበር» አለች፤ ያንኑ በማግስቱም አለች። ከዚያ ዝም አለች። ዝምታዋ በልጅነቷ አልጋ ተደግፋ ዝም ትለው እንደነበረው ዓይነት አልነበረም፤ ያኛው ወደ ሰው የተከፈተ ነበር።

ጠጋኙ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄደ። «ወደ አስራ አንደኛ ይመልሱልኝ» አለ። «ከልጆቹ ጋር ትማር። እንደገና ትጨርስና እንደገና ታመልክት።»

ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። ጠጋኙ ጠበቀው።

«የጨረሰ ተማሪ ተመልሶ አይመዘገብም» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ብመዘግባትም ኮሌጁ የሚያየው መጀመሪያ የጨረሰችበትን ዓመት ነው። ሌላ ቦታ፣ ሌላ ትምህርት ትገባለች፤ ውጤቷ ጥሩ ነው። ሐኪምነቱ ግን... እዚያ አንድ በር ነበር፣ ተዘጋ።» ትንሽ አሰበ። «ያን ዕለት ልነግርዎ የጀመርኩት ነገር ነበር። ለጤና የሚያመለክቱትን ልጆች አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ እንልካቸዋለን። ሥራ አይሠሩም። ወረፋ ከሚጠብቁት ታማሚዎች ጎን ተቀምጠው ይሰማሉ፤ በቃ፣ መስማት ብቻ ነው ትእዛዙ። መጀመሪያ ይሰለቻቸዋል፣ ያዛጋሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ሌላ ልጆች ይሆናሉ። የቃል ፈተናውም ያንኑ ነው የሚፈትነው። ይሄ በመጽሐፍ የሚጠና አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ዓመት ትቆይ ልልዎ ነበር።»

ጠጋኙ እስከ መጨረሻዋ ቃል ሰማው። ሰምቶ ሲጨርስ የሚያበጀው ነገር አልነበረም። አመስግኖ ወጣ።

ሚስቱን ልብስ ማጠቢያው ድረስ ሄዶ ነገራት፤ የሽማግሌውንም የርዕሰ መምህሩንም። እርጥብ አንሶላ በእጇ ይዛ አዳመጠችው። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«እዚህ ክፍል ቁጭ ብላ የምትሰማውን አንተ አላየህም» አለችው ሲጨርስ። «እኔ አይቻለሁ። ማንም አላስተማራትም ነበር፤ ይዛው ነው የመጣችው።» አንሶላውን ጨመቀችው፤ ውሃው ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። «ይቅር ይበለን» አለች። አንተን አላለችም።

ልጅቷ ለሌላ ትምህርት አላመለከተችም። «ቆይ፣ አስብበታለሁ» እያለች ጊዜው አለፈ። ቤት መቀመጡ ሲከብዳት ወደ ሱቁ መምጣት ጀመረች። ፊውዝ ትቀይራለች፣ ስፒና ትገጥማለች፤ እጇ ፈጣን ነው። ጫማ ሰፊው ድሮ ሲያያት የሚወረውረው ቀልድ ነበረው፤ አሁን «ደህና ዋልሽ ልጄ» ብቻ ይላል።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ካውያ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ጠጋኙ ውስጥ ነበር፤ ልጅቷ ፊት ለፊት ቆማለች።

«ልጄ፣ ይሄ ካውያ የ...»

«ገባኝ እማማ። ገመዱ ነው። ነገ ይምጡ።»

አሮጊቷ አፋቸውን ዘጉ። ጨርቁን አጣጥፈው ያዙ፣ ጥቂት ቆሙ፣ ሄዱ። ልጅቷ ካውያውን ፈታችው። ገመዱ ነበር።

ጠጋኙ የጋለውን መበየጃ ማስቀመጫው ላይ አኖረ። አሮጊቷን ሊጠራቸው ወደ በሩ ወጣ፤ መንገዱን ተሻግረዋል። ተመልሶ ገባና መደርደሪያው ሥር ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ልጁ ያን ዕለት የተቀመጠችባት ናት።

«የኔ ልጅ። ያን የቃል ፈተና...»

«አውቃለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ሽማግሌው አፋቸውን ሲዘጉ አይቻቸዋለሁ። ከበሩ ስወጣ ነው ያስተዋልኩት።»

«ታዲያ ለምን አልተመለስሽም?»

«ጨረስኩ ብዬህ ነበር። ስቀህ ነበር።»

ውጭ መኪና አለፈ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ዕቃዎች ተንቀጠቀጡ። ጠጋኙ ሲያንገበግበው የከረመውን ጠየቃት።

«ያን ዕለት አመሻሽ፣ ማራገቢያ ስፈታ፣ እዚህ ቁጭ ብለሽ ‹እኔ እኮ› አልሽኝ። አላስጨረስኩሽም። ምን ልትዪኝ ነበር?»

ልጅቷ አዲሱን ገመድ እየገጠመች ነበር፤ እጇ ቆመ። አሰበች፤ ብዙ አሰበች። እሱም ጠበቃት። የቱንም ያህል ብትቆይ ሊጠብቃት ቆርጦ፣ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ፣ ትንፋሹን ሳይቀር አሳንሶ ጠበቃት።

«ብዙ ቀን ነው እንደዚያ ብዬ የጀመርኩት አባዬ» አለች በመጨረሻ። «የቱ እንደነበር አላውቀውም።»

ካውያውን ሰካችው። ጠጋኙ ተነሳ፤ እስኪግል ቆመው አዩት።